በባሕር ውስጥ የተሰወረውን ፈንጂ ስለሚፈልገው ሰው አልባ መሣሪያ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ርእስ ከደጋ አገር ሰው ኑሮ የራቀ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ከዕለት እንጀራችን ጋራ የተያያዘ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በኋላም ዘመኑን ሁሉ የምንጠራው በዚሁ አቆጣጠር ነው) በኦገስት 16 ቀን 2022 ዓ.ም. ብሬቭ ኮማንደር የተባለችው መርከብ ለኢትዮጵያ የተመደበ 23,000 ቶን ስንዴ ጭና ከዩክሬን ወደብ ተነሣች፤ በዚያው ወር መጨረሻም ጅቡቲ ደረሰች። ይህች መርከብ ከጥቁር ባሕር የወጣችው እንደ ልቧ በፈለገችው አቅጣጫ አልነበረም። በጦርነቱ ምክንያት ባሕሩ ፈንጂ ስለ ተዘራበት፥ እህል ጫኝ መርከቦች ሊሄዱ የሚችሉት ተለይቶ በተሰጣቸው መሥመር ብቻ ነበር።

የባሕር ፈንጂ ኀይሉ በሚፈነዳው ባሩድ ብቻ የሚለካ አይደለም፤ ይልቁንም በሚያሳድረው ጥርጣሬ ነው። ፈንጂ ተጥሎበታል የተባለ ወደብ፥ ወሬው እውነት ይሁን ሐሰት ሳይታወቅ ይዘጋል፤ ነጋዴው ዕቃውን፥ የመርከብ ባለቤትም መርከቡን ለመላክ ያመነታል። በ1984 ዓ.ም. ከጁላይ ወር ጀምሮ በስዌዝ ባሕረ ሰላጤና በቀይ ባሕር ላይ ወደ 19 የሚጠጉ መርከቦች በተሰወረ ፈንጂ ተጎድተው ነበር። የልዩ ልዩ መንግሥታት ፈላጊ መርከቦች ተሰማርተው ብዙ ከደከሙ በኋላ፥ እንግሊዞች ከባሕሩ ወለል ላይ አንድ ፈንጂ አገኙ። ጥቂት ፈንጂ ሰፊውን ባሕር ሁሉ አስጠረጠረ ማለት ነው።

ከዚህም በላይ ፈንጂ ርካሽ መሣሪያ ነው። በኤፕሪል 14 ቀን 1988 ዓ.ም. ሳሙኤል ቢ. ሮበርትስ የተባለችውን የአሜሪካ የጦር መርከብ በፋርስ ባሕረ ሰላጤ የመታት ፈንጂ፥ አሠራሩ በ1908 ዓ.ም. የተነደፈ አሮጌ ዓይነት ነበር። የፈንጂው ዋጋ 1,500 ዶላር ያህል ሲገመት፥ መርከቢቱን ለማደስ ግን ወደ 90 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ወጣ።

እንግዲህ ይህን ስውር ጠላት መፈለግ ለብዙ ዘመን የሰው ሕይወት የሚያስከፍል ሥራ ሆኖ ኖሯል። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ፥ በኦክቶበር 12 ቀን 1950 ዓ.ም.፥ በዎንሳን ወደብ አጠገብ ፈንጂ ይጠርጉ የነበሩ ሁለት የአሜሪካ መርከቦች ራሳቸው በፈንጂ ተመትተው ሰጠሙ። ጠላቂ ዋናተኛም ቢሆን በደፈረሰ ውሃ ውስጥ የሚሠራው በእጁ እየዳሰሰ ነው። ስለዚህ ሊቃውንት፥ ሰው በርቀት ተቀምጦ መሣሪያው ብቻውን ወደ አደጋው ቢገባስ ብለው ማሰብ ጀመሩ።

ከነዚህ መሣሪያዎች አንዱ ሬመስ ይባላል። በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ የሚገኘው የዉድስ ሆል የውቅያኖስ ጥናት ተቋም የሠራው ሲሆን፥ መጀመሪያ የታሰበውም ለጦርነት ሳይሆን የባሕር ዳርቻን ጠባይ ለማጥናት ነበር። መልኩ ቶርፒዶ ይመስላል፤ ትንሹ ዓይነት ርዝመቱ 160 ሳንቲ ሜትር፥ ክብደቱም 40 ኪሎ ስለማይሞላ ሁለት ሰዎች ተሸክመው ከታንኳ ሊጥሉት ይችላሉ። ከገባም በኋላ፥ ገበሬ ማሳውን በትልም በትልም እንደሚያርስ፥ ከባሕሩ ወለል ጥቂት ከፍ ብሎ እየሄደና እየተመለሰ፥ የተመደበለትን ስፍራ አንድም ክፍል ሳይዘል ይፈትሻል።

የሚያይበት ዓይን ሶናር የሚባለው ነው። ብርሃን በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ሩቅ አይዘልቅም፤ ድምፅ ግን በባሕር ውስጥ በሰከንድ ወደ 1,500 ሜትር ይጓዛል። መሣሪያው ከግራና ከቀኝ ጎኑ የሰው ጆሮ የማይሰማው እጅግ ቀጭን ድምፅ ይልክና፥ እንደ ገደል ማሚቶ ተመልሶ የሚመጣውን ተቀብሎ ሥዕል ያደርገዋል። ከወለሉ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነገር ሁሉ ድምፁን ስለሚጋርድ ከበስተኋላው ጥላ ይጥላል፤ አዋቂው ሰውም ብዙ ጊዜ ፈንጂውን ከድንጋዩ የሚለየው በዚህ ጥላ ቅርጽ ነው።

ይሁን እንጂ አንዱ መሣሪያ ለሁሉ አይበቃም። ቀጭኑ ድምፅ ጥርት ያለ ሥዕል ቢሰጥም ደለል ውስጥ ዘልቆ አይገባም፤ በደለል የተቀበረውን ለማግኘት ወፈር ያለ ድምፅ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ሥዕሉን ያደበዝዘዋል። ማግኔቶሜትር የተባለው መሣሪያ ብረት በምድር የማግኔት ኀይል ላይ የሚያደርሰውን ጥቂት ለውጥ ስለሚለካ የተቀበረ ብረት ያጋልጣል፤ ነገር ግን ቀፎው ከመስተዋት ጭረትና ከፕላስቲክ የተሠራ ፈንጂ ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ የአንዱን ምስክርነት በሌላው ማመሳከር ግድ ይሆናል።

የዚህም ሥራ ጥቅም በ2003 ዓ.ም. በኢራቅ ጦርነት ጊዜ በኡም ቃስር ወደብ ታየ። የወደቡ ውሃ ጭቃማ፥ ሞገዱም ብርቱ ስለ ነበረ ለጠላቂዎች እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ሬመስ የተባሉት መሣሪያዎች የመርከቡን መንገድ ፈተሹ፤ ጠላቂዎችና የሠለጠኑ ዶልፊኖችም ረዱ። በማርች 28 ቀንም ሰር ጋላሃድ የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ምግብ፥ ውሃና መድኃኒት ጭና ወደቡ ገባች።

ነገር ግን መሣሪያው ዳኛ አይደለም፤ ጠቋሚ ነው። የራዲዮ ማዕበል በባሕር ውሃ ውስጥ ሩቅ ስለማይሄድ፥ ያየውን ሁሉ እንዳየ ሊያስታውቅ አይችልም፤ አብዛኛውን ጊዜ መዝግቦት ሲመለስ ነው የሚመረመረው። አሮጌ በርሜል፥ የተጣለ ጎማ፥ የጠፋ መልሕቅ ሁሉ ፈንጂ መስሎ ይታያል። ድንጋዩን ፈንጂ ነው ያለ መርማሪ የሚያባክነው ጊዜን ነው፤ ፈንጂውን ድንጋይ ነው ያለ ግን መርከብ ከነሰዉ ያጠፋል። ስለዚህ የተጠረጠረው ሁሉ በሌላ መሣሪያ ወይም በጠላቂ ዳግመኛ ቀርቦ ይታያል፤ የመጨረሻውም ፍርድ የሰው ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ግን ቀድሞ የተያዘ መዝገብ ነው። በሰላም ጊዜ ወለሉ ተፈትሾ እያንዳንዱ ድንጋይና በርሜል በካርታ የተጻፈለት ወደብ፥ የክፉ ቀን ወሬ ሲሰማ አዲሱን ሥዕል ከአሮጌው ጋራ ያስተያያል፤ ትናንት ያልነበረውን ብቻ ለይቶ ይመረምራል። መዝገብ የሌለው ወደብ ግን እያንዳንዱን ድንጋይ እንደ ጠላት ሊቆጥር ይገደዳል፤ በዚያም መካከል መርከቦቹ ቆመው ይጠብቃሉ። አገራችን ከውጭ ከምታስገባውና ከምትልከው ዕቃ ከመቶው 90 እጅ የሚበልጠው በጅቡቲ በኩል ያልፋል። ስለዚህ የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች ወለል በሰላም ቀን መጠናቱ፥ የባሕር ጠረፍ ላላቸው ጎረቤቶቻችን ብቻ ሳይሆን፥ ስንዴውንና ማዳበሪያውን ለምንጠብቀው ለኛም የሚያስፈልግ ሥራ ነው።