ካብና ችግኝ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)




ከደብረ ታቦር በገሳይ በኩል ወደ ጋይንት የሚሄድ መንገደኛ በየመንደሩ የሚያየው ዛፍ በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ የገበሬውን የማገዶና የቤት መሥሪያ ችግር አቃሏል፤ በዚህ ሊወቀስ አይገባም። ነገር ግን ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶና ጥቁር እንጨት ለማየት የፈለገ ሰው ዛሬ መሄድ ያለበት ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ነው።

ይህን ሀብት ቆጥረው ካሳወቁት ምሁራን አንዱ ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ እሸቴ ናቸው። ብዙው አንባቢ የሚያውቃቸው «እመጓ»ን በመሰሉ መጻሕፍታቸው ነው። በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናትን መርምረው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። በ2007 እ.ኤ.አ. በሆላንድ አገር በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ሥራቸውን ያቀረቡት በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው። ከጥናታቸው ለአርሶ አደሩ የሚበጀው ነጥብ ግን ቁጥሩ አይደለም። ከብት በሚገባበት ጫካ የበቀለው ችግኝ ይረገጣል፣ ይጋጣል፤ ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ተተኪ ያጣሉ። ሽማግሌ ብቻ የቀረበት ቤት ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎማን ከዶ/ር ዓለማየሁ ጋር ተባበሩ። ገንዘቡ በፍሎሪዳ ከሚገኝ በጎ አድራጎት ድርጅትና ከሌሎች ለጋሾች ተሰበሰበ። ካህናቱና ምእመናኑ መክረው ቦታውን ወሰኑ፤ ድንጋዩም በአካባቢው ከየማሳው ተለቅሞ ተካበ። ዝሃራና ደብረ ሰና ካብ ከተካበላቸው መካከል ናቸው። ድንጋዩ የተለቀመለት ማሳ ለሞፈር ቀለለ፣ ጫካውም ከከብት ተጠበቀ። የውጭ ገንዘብ በመጣበት ሥራ ሁሉ እንዲህ ሁለት ጥቅም አይገኝም፤ እዚህ የተገኘው ሥራው ከሕዝቡ ፈቃድ ስለ ጀመረ ነው።

ገሳይም ሆነ ደብረ ታቦር ቤት እየበዛባቸው ነው። ዛሬ ያልተከለለ ባዶ ቦታ ነገ ቤት ይሠራበታል። በየክረምቱ ችግኝ ይተከላል፤ ጥቅምት ሲብት ግን የከተማው ላምና ፍየል ይበላዋል። ስለዚህ ለከተማ አረንጓዴ ቦታ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ካብ ነው፤ ችግኝ ቀጥሎ ይመጣል። ካቡ ሰብል ከተሰበሰበ በኋላ ከጥር እስከ መጋቢት ሊሠራ ይችላል። ድንጋዩን የገበሬ ማኅበራት ያቅርቡ፤ ቦታውን ማዘጋጃ ቤቱ በካርታ ይከልል። በቃል ብቻ የተከለለ ቦታ ኃላፊ ሲቀየር ይጠፋል። ዘሩ ከየደብሩ ጫካ፣ በካህናቱ ፈቃድ ይለቀም። ወይራና ጽድ ቀስ ብለው ስለሚያድጉ ችግኛቸው ከክረምቱ ብዙ ወራት ቀድሞ በችግኝ ጣቢያ መፍላት አለበት፤ ሰኔ ላይ ችግኝ ፍለጋ መሯሯጥ የባሕር ዛፍ ችግኝ ብቻ ያስገኛል።

የግጦሽ ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። ላም ያላት እናት ቦታው ሲከለል ቅር ይላታል፤ እውነትም አላት። ከብት እንዳይገባ ሲወሰን ሣሩን አጭዶ መውሰድ ይፈቀድ፤ ተራውንም ከቦታው አጠገብ የሚኖሩት ነዋሪዎች ራሳቸው ያውጡ። በመጀመሪያው ዓመት ተራው ላም ላላቸው እናቶች ቢሰጥ ካቡን የሚያፈርስ ሰው ይቀንሳል።