መርፌና ምላስ

(በጤና ተቋማት ለሚሠሩና ለሥራው ለሚሠለጥኑ አባሎቻችን የተደረገ ንግግር)



ከአምስተርዳም፣ ከሮተርዳምና ከዴን ሃግ መጥታችሁ በዚህ አዳራሽ የተሰበሰባችሁ ወገኖቻችን አብዛኞቻችሁ በሆስፒታልና በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠሩ ወይም ነርስነት የምትማሩ ናችሁ። እኛ የታክሲ ነጂዎች እንድንናገር ስንጋበዝ «ባለታክሲ ስለ ኤድስ ምን ያውቃል?» ያላችሁ አትጠፉም። እውነት ነው፣ ሐኪሞች አይደለንም። ከመካከላችን ዩኒቨርሲቲ ገብተን ሳንጨርስ የወጣን አለን፤ ያም ቢሆን የሕክምና ትምህርት አልነበረም። ነገር ግን በሽተኛ እናመላልሳለን፤ ከኋላ ወንበር የሚነገረውንም የማይነገረውንም እንሰማለን።

በኤድስ ጉዳይ ይህ አገርና አገራችን ባዕዳን አይደሉም። ቫይረሱ በኢትዮጵያ በ1984 በተወሰደ ደም ውስጥ ተገኝቷል፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በ1986 ታወቁ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1994 የአምስተርዳም ተመራማሪዎችና የአዲስ አበባው የጤና ምርምር ተቋም የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስን የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ጀመሩ። የአቃቂና የወንጂ ፋብሪካ ሠራተኞች በፈቃዳቸው ለዓመታት ደማቸውን ሰጡ። በ1954 ስኳር ማምረት የጀመረውን ወንጂን ያቋቋመው የአምስተርዳሙ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. መሆኑን ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ወጣት ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችም አምስተርዳም ተምረው ዶክትሬታቸውን ያዙ፤ ከእነርሱ አንዷ ዶክተር ፀሐይነሽ መሰለ ኋላ የአዲስ አበባውን ተቋም መርተዋል። በ1999 ከታተሙት ግኝቶቻቸው አንዱ፣ ቫይረሱ የሌለበት ጤነኛ ኢትዮጵያዊ እንኳ የሲዲ 4 ሕዋሱ ቁጥር በአማካይ ከሆላንዳዊው እንደሚያንስ ያሳየ ነው። የሆላንዱ መለኪያ በቀጥታ ለእኛ እንደማይሠራ ሐኪሞችን ያስተማረው እንግዲህ የወዛደሮቻችን ደም ነው።

አሁን ወደ መርፌው እንምጣ፤ እዚህ «ፕሪክአክሲደንት» ወደሚሉት። ሥራውን የሚጀምር ሰው የሚፈራው ኤች.አይ.ቪ.ን ብቻ ነው። መድኃኒት ያልጀመረ ሕመምተኛ ደም የነካው መርፌ 1,000 ጊዜ ሰው ቢወጋ ቫይረሱ የሚተላለፈው 3 ጊዜ ያህል ነው። የጉበቱ በሽታ ሄፓታይተስ ቢ ግን ያልተከተበ ሰው ላይ እስከ 300 ጊዜ ሊተላለፍ ይችላል። ስለዚህ ክትባቱን ጠይቁ፣ ጨርሱም። ከተወጋችሁ ደሙ ይፍሰስ እንጂ አትምጠጡት፤ በውሃና በሳሙና ታጠቡ፤ ወዲያው ለኃላፊያችሁ ተናገሩ። የኤች.አይ.ቪ. መከላከያ መድኃኒት ካስፈለገ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ከ72 ሰዓት በፊት ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል። በጽዳት ሥራ ላይ ያሉ እኅቶቻችን ከቆሻሻ ከረጢት በወጣ መርፌ ተወግተው፣ ኮንትራታችን ይቋረጣል ብለው ፈርተው፣ ፈረቃቸውን ጨርሰው ዝም ብለው ቤታቸው ሲገቡ አይተናል። ያ ሰዓት አይመለስም።

ጓንት ላይ ጓንት ደርባችሁ ሕመምተኛውን ከበር ላይ የምታነጋግሩ ካላችሁ ደግሞ ይህን ስሙ። በጁላይ 2018 እዚሁ አምስተርዳም በተደረገው ዓለም አቀፍ የኤድስ ጉባኤ የአንድ ትልቅ ጥናት ውጤት ቀርቦ ነበር። አንዱ ቫይረሱ ያለበት፣ ሌላው የሌለበት 782 ጥንዶች ተጠንተው፣ ታማሚው መድኃኒቱን በወጉ እየወሰደ ቫይረሱ በደም ምርመራ እስካልታየ ድረስ ያለ ኮንዶም እንኳ ለጓደኛው ያስተላለፈ አንድም አልተገኘም። አብሮ በማደር ያልተላለፈ፣ አንሶላ በመቀየር ሊተላለፍ ነው?

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን ምላሳችን ነው። ወገኖቻችን በዚህ አገር መድኃኒት አላጡም። በሦስቱም ከተሞች የኤች.አይ.ቪ. ሕክምና ማዕከል አለ፤ ከ2004 ጀምሮም እርጉዝ ሴት ሁሉ አልፈልግም ካላለች በቀር ትመረመራለች። ሆኖም ከአፍሪካ ከመጣነው መካከል ብዙዎች በሽታው የሚታወቅባቸው ሰውነታቸው ከተጎዳ በኋላ ነው። ከሆስፒታሉ በር አንድ መንገድ ቀድመው የሚወርዱ ተሳፋሪዎች አሉን። ደጃቸው ያለውን ሆስፒታል ትተው ሌላ ከተማ የሚታከሙ አሉ። አስተርጓሚው ሐበሻ ከሆነ አልፈልግም ብለው፣ በተሰባበረ ሆላንድኛ የሕመማቸውን ግማሽ ብቻ ተናግረው የሚመለሱ አሉ። የሚፈሩት ሆላንዳዊውን አይደለም። እናንተን ነው፤ እኛንም ነው።

የሙያ ምስጢር ማውጣት በዚህ አገር የወንጀል ሕግ አንቀጽ 272 እስከ አንድ ዓመት እስራት ያስቀጣል። ሕጉን ግን ፈተና ለማለፍ ሁላችሁም ታጠኑታላችሁ። የማይጠናው ሌላ ነው። ለምሳሌ ሰላምታችን ራሱ ምርመራ ነው፤ በሆስፒታል ኮሪደር የምታውቁትን ሰው ስታገኙ «ምነው፣ ምን ሆነህ መጣህ?» አትበሉ። ጎንበስ ብላችሁ እለፉ፤ እርሱ ካናገራችሁ ያኔ ቁሙ። ተራው በእናንተ ላይ ከደረሰ፣ ሌላ ባልደረባ እንዲያየው ይፈልግ እንደሆነ ለብቻው ጠይቁት። ሐኪሙንም በስልክ የሚያስተረጉም፣ ከሌላ ከተማ የሆነ ሰው እንዲፈለግ አስታውሱት። የማይመለከታችሁን ፋይል አትክፈቱ፤ ኮምፒውተሩ ማን እንደከፈተው ይመዘግባል። ለቅሶ ቤት ተቀምጣችሁም «ስሟን አልጠራም እንጂ አንዲት የሮተርዳም ልጅ...» ብላችሁ አትጀምሩ። ለመሆኑ ሮተርዳም ውስጥ ስንት ነን?

እኛም በመኪናችን ውስጥ ይህንኑ ተስማምተናል። ከሆስፒታል ያወጣነውን ሰው የት እንዳነሣነው ለባልደረባ አናወራም፤ የሚጠይቀን ቢኖር ስለ መንገድ ሥራውና ስለ ነዳጅ ዋጋ እናወራዋለን፣ እርሱ አያልቅምና።

ጓንቱና መርፌ የሚጣልበት ቢጫ ሣጥን እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። ከሻይ በኋላ ነርሷ እኅታችን አሠራሩን በእጇ ታሳያችኋለች። ጥያቄ ያላችሁ ስም ሳትጽፉ በወረቀት አጥፋችሁ ቅርጫቱ ውስጥ ጣሉ፤ እርሷ አንብባ ትመልሳለች።