በድሪሊንግና በሚሊንግ ማሽን ሲሠራ ጥንቃቄ ከየት ይጀምራል?



ንግግሬን በአንድ የግል ትዝታ ልጀምር። ተማሪ ሳለሁ በአንድ ቀጭን ላሜራ ላይ ቀዳዳ ለማውጣት ቸኮልሁ። ላሜራውን ከሥሩ እንጨት አድርጎ ከጠረጴዛው ጋር ማሰር ጊዜ የሚፈጅ መስሎ ስለታየኝ በግራ እጄ ይዤ የማሽኑን እጀታ ወደ ታች ሳብሁ። ፑንታው ከሥር ብቅ ሊል ሲል ላሜራውን ነክሶ አሽከረከረው። ጠባሳው ዛሬም መዳፌ ላይ አለ። ያተረፍሁት ጊዜ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም ነበር።

ለብዙ ጊዜ ጥፋቴ እጄን በፍጥነት አለመሰብሰቤ ይመስለኝ ነበር። ስሌቱ ግን ሌላ ነገር ይነግረናል። ተራ ብረትን በሃይ ስፒድ ስቲል ፑንታ ስንበሳ የመቁረጫ ፍጥነቱን በደቂቃ 30 ሜትር ያህል እንወስዳለን። በዚህ ፍጥነት ባለ 10 ሚሊ ሜትር ፑንታ በደቂቃ 955 ጊዜ፣ በሴኮንድ ደግሞ 16 ጊዜ ያህል ይዞራል። ሰው አደጋን አይቶ እጁን እስኪሰበስብ ግማሽ ሴኮንድ ቢፈጅበት፣ ፑንታው በዚያች ቅጽበት ስምንት ጊዜ ዞሮ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ክር ይጠቀልላል። ይህ ከጣት ጫፍ ተነሥቶ ከእጅ አንጓ የሚያልፍ ርዝመት ነው። ስለዚህ ጥንቃቄ ማብሪያው ከመነካቱ በፊት ተሠርቶ ማለቅ አለበት።

የወርክሾፕ ደንቦች ሁሉ ከዚህ ይመነጫሉ። ጓንት ስለታም ብረት ስንሸከም እጃችንን ይጠብቃል፤ በሚዞር ፑንታ አጠገብ ግን ተጠቅልሎ እጃችንን ይዞ ይገባል። ረጅም እጅጌ፣ ነጠላ፣ ያልታሰረ ፀጉርና ቀለበትም እንዲሁ ናቸው። ማተብ ያሰረ ሰው ከቱታው ውስጥ በሚገባ ይክተተው። የዓይን መከላከያ መነጽር ይደረግ። የቻኩን ቁልፍ የያዘ እጅ ቁልፉን ከቻኩ ሳያወጣ አይልቀቀው። የብረት ፍቅፋቂ የሚጠረገው ማሽኑ ቆሞ፣ በብሩሽ ነው።

በሚሊንግ ማሽን ላይ ደግሞ ሥራው የሚገፋበት አቅጣጫ ይታሰብበት። ጠረጴዛውን የሚያንቀሳቅሰው ብሎን በዕድሜ ብዛት ከላላ፣ ሥራውን የቆራጩ ጥርሶች ወደሚሄዱበት አቅጣጫ መግፋት ጠረጴዛው በድንገት እንዲሳብ ያደርጋል። እንዲህ ባለ ማሽን ላይ በተቃራኒው አቅጣጫ መግፋት ይገባል።

በአገራችን ወርክሾፖች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ መብራት ይጠፋል። ማሽኑ ሲቆምበት ተማሪው ማብሪያውን ሳያጠፋ ፑንታ ሊቀይር ይጀምራል። ኃይል ሲመለስ በራሱ እንዳይነሣ የሚከለክል መቆጣጠሪያ የሌለው ማሽን፣ መብራቱ በመጣበት ቅጽበት እጁ ላይ ይዞራል። መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያው ሥራ ማብሪያውን ማጥፋት ይሁን።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋ እንዲያስገነዝብና የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ፣ ሠራተኛውም የደኅንነት መመሪያን እንዲያከብር ያስገድዳል። ተማሪ ግን ፋብሪካ ከመግባቱ በፊት ልማዱን ከእኛ ይማራል። እኔ በተጎዳሁበት ዕለት የተሰጠን የመመዘኛ ቅጽ የቀዳዳውን ልክና የወሰደብንን ጊዜ ይጠይቅ ነበር፤ ሥራው እንዴት እንደታሰረ የሚጠይቅ አንድም መስመር አልነበረውም። መቸኮልን ያስተማረኝ ያ ቅጽ ነው።

መምህራን ሆይ፣ የተግባር ፈተና ነጥብ ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት መሰጠት ይጀምር፤ ሥራውን በሚገባ ያላሰረ ተማሪም ማብሪያውን አይንካ። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ሁለቱን ደቂቃ አንንፈጋቸው።