ኪቦርድ በታክሲ ውስጥ



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ ጨዋታ፣ ፈጠራና አዲስ ሕይወት የሚል ነው። እንዲህ ያለ ርዕስ የያዘ ሰው ሳያውቀው ምክር መደርደር ይጀምራል። እኔ የአንድ ሰው ታሪክ ይዤ መጥቻለሁ፤ የአንጋፋውን ሙዚቀኛ የኃይሉ መርጊያን። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል። የሚነገርበት መንገድ ግን አይዋጥልኝም።

ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንዲህ ተብሎ ነው፦ በአዲስ አበባ ስመ ጥር የነበረ ሙዚቀኛ አሜሪካ ገብቶ ታክሲ ነጂ ሆነ፤ ተረሳ፤ ከዘመናት በኋላ አንድ ፈረንጅ ካሴቱን አገኘና ከሞት አስነሣው። በዚህ አተራረክ ሰውየው በመካከል ባሉት ዓመታት ሁሉ በድን ነበሩ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ዋናው ነገር የተሠራው በእነዚያ ዓመታት ነው ባይ ነኝ።

ኃይሉ በ1946 ደብረ ብርሃን ተወልደው በ10 ዓመታቸው አዲስ አበባ ገቡ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ሸክላውም ካሴቱም የተመዘገበው በዚያ ስለሆነ ይቅር በሉኝ። አኮርዲዮን የጀመሩት በ14 ዓመታቸው ነው፤ ያለ አስተማሪ፣ በራሳቸው። በ1970ዎቹ ከዋልያስ ባንድ ጋር በሂልተን ሆቴል ይጫወቱ ነበር። ጊዜው የደርግ ነው፤ ሰዓት እላፊ አለ። ታዳሚው ከመሸ በኋላ ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል እዚያው ይቆያል፤ ባንዱም እስኪነጋ ሲጫወት ያድራል። እስቲ ይህን አስቡት። የተዘጋጀው ዘፈን መቼም ሌሊቱን ሁሉ አይዘልቅም። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሰዓት የሚሞላው አንዱ ዜማውን ሲያራዝም፣ ሌላው ሲመልስለት፣ ሦስተኛው ሲያቋርጣቸው ነው ብዬ እገምታለሁ። በ1977 የወጣው «ጨ በለው» የተሰኘው ሸክላ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ነበር። ድምፃዊ ንጉሥ በሆነበት አገር ይህ ቀላል ድፍረት አይደለም።

በ1981 ዋልያስ ለኮንሰርት አሜሪካ ሄደ። ከአባላቱ ገሚሱ ተመለሱ፤ ኃይሉ ዋሽንግተን ቀሩ። ባንዱ ተበተነ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ኃይሉ በ1985 ያወጡትን ካሴት ጠጋ ብለን እንየው። የሚጫወቱት እሳቸው ብቻ ናቸው። ኤሌክትሪክ ፒያኖ አለ፣ ሲንተሳይዘር አለ፣ ከበሮውን የሚመታው ማሽን ነው። አንዱን ይቀርጹና በላዩ ሌላውን ይደርባሉ። ከሁሉም በላይ የሚሰማው አኮርዲዮን ነው፤ ያኔ ፋሽኑ ያለፈበት፣ አባቶቻችን የጨፈሩበት መሣሪያ። ባንድ ያጣ ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ብቻውን ባንድ ሆነ። አዲስ አገር ውስጥ አዲስ ሥራ ሲሠሩ በእጃቸው የያዙት የ14 ዓመት ልጅ ሳሉ የነካኩትን መሣሪያ መሆኑ ይደንቀኛል። ራስን እንደ አዲስ መፍጠር ሲባል አሮጌውን ሁሉ መጣል ለሚመስለን ይህ ካሴት በቂ መልስ ነው።

ከጊዜ በኋላ ታክሲው መጣ። ታክሲ መንዳት ውድቀት ነው የሚል ካለ ዋሽንግተንን አያውቃትም፤ ስንቱ የሐበሻ ቤተሰብ ቤት የሠራውና ልጅ ያስተማረው በዚያ መሪ ነው። የኤርፖርት ታክሲ ደግሞ አብዛኛው ሥራው ወረፋ መጠበቅ ነው። አንዱ ይተኛል፣ አንዱ ስለ አገር ፖለቲካ ይከራከራል። ኃይሉ በደለስ ኤርፖርት ተሳፋሪ አድርሰው ሲመለሱ የኋላውን ኮፈን ከፍተው በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዳቸውን ያወጡና መኪናው ውስጥ ተቀምጠው ይለማመዱ ነበር። የሚሰማ የለም፤ የሚከፍል የለም። ጨዋታ የምለው ይህን ነው፤ ለማንም ሳይሆን ደስ ስላለው ብቻ የሚደረገውን። ሌላው ቢቀር እንዲህ ያለው ሰው ማንነቱን ለማወቅ ጭብጨባ አይጠብቅም።

እርግጥ ነው፣ ሁለት ፈረቃ ለሚሠራ ሰው «ተጫወት» ማለት ቀልድ ሊመስል ይችላል። የኃይሉን ቤት ኪራይ የሚከፍለው ታክሲው ነበር፤ ወረፋውም ትርፍ ሰዓት ሰጥቷቸዋል። ይህን ዕድል ሁሉም አያገኝም። ግን በዚያው ወረፋ ሌሎችም ነበሩ።

ራሱን እንደ አዲስ የፈጠረው ኃይሉ ብቻ አይደለም። ሙዚቀኛው ሙላቱ አስታጥቄም ወደ ዌልስ የተላኩት ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር፤ የተመለሱት ግን ሙዚቃ ይዘው ነው። የሙላቱ ለውጥ ግን በወጣትነት የመጣ ነው፤ ወጣትማ ይለወጣል። እኔን የሚገርመኝ በ67 ዓመት የሚመጣው ነው።

ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ አሳታሚ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ አግኝቶ በ2013 እንደገና አወጣው። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሱ። በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጡ፤ በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ»ን ደገሙ። ለረጅም ዓመታት መሣሪያ ያልነካ ሰው ቢሆኑ ኖሮ አሳታሚው ሊያገኝ የሚችለው ጥሩ ትዝታ ያለው ሽማግሌ ብቻ ነበር። እሱ ግን ጣቶቹ የተፍታቱ ሙዚቀኛ አገኘ።

ካሴቱ ባይገኝስ ኖሮ? ይህን ጥያቄ ከእናንተ በፊት ራሴን ጠይቄዋለሁ። ኪቦርዱ ከታክሲው የሚወርድ አይመስለኝም። የካሴቱ መገኘት የጠቀመው ከኃይሉ ይልቅ እኛን ነው፤ አዲሶቹን ሥራዎች የሰማነው በዚያ ምክንያት ነውና።

አሁን ከ1985ቱ ካሴት «ሸሞንሟናዬ»ን፣ ቀጥሎም «ላላ በሉ» ውስጥ ያለውን «ትዝታ» አሰማችኋለሁ። በመጀመሪያው ከበሮው ማሽን ስለሆነ ንቅንቅ አይልም፤ አኮርዲዮኑ በላዩ እንዴት እንደሚዘገይና እንደሚቀድም አዳምጡ። በሁለተኛው ባስና ከበሮ የያዙ ሰዎች አብረዋቸው አሉ። ከዚያ ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንገባለን።