ዋስትናው ሲነሳ በሽተኛው የት ይሄዳል?



ባለፈው ስለ ኩፓት ሆሊም ስንነጋገር አንድ አባት እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፦ «ድሃ የሕክምና ዋስትናው ቢነሳበት የሚጎዳው እሱ ነው። ሆስፒታሉ ምን ይሆናል? ድሮስ ከድሃ ምን ያገኛል?» ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱን ነገሩ ከደረሰበት አገር እናምጣው።

በአሜሪካ፣ ቴነሲ በምትባለው ክፍለ ሀገር፣ አቅም ለሌላቸው ሰዎች መንግሥት ሕክምና የሚከፍልበት ቴንኬር የሚባል ዋስትና በ1994 ተጀመረ። በ2005 ወጪው በዛ ተባለና 170,000 ያህል አዋቂዎች ከመዝገብ ተሰረዙ። በሽታቸው ግን አብሮ አልተሰረዘም።

እስቲ ስኳር በሽታ ያለበትን ሰው አስቡ። ዋስትና ሳለው ሐኪም ያየዋል፣ መድኃኒቱን ይወስዳል። ዋስትናው ሲነሳ መጀመሪያ ቀጠሮውን ይተዋል፤ ቀጥሎ መድኃኒቱን ቀን እየዘለለ ይወስዳል። እግሩ ላይ ትንሽ ቁስል ትወጣለች፤ ዝም ይላል። ቁስሉ ሲያመረቅዝና ትኩሳት ሲጥለው በሌሊት ሆስፒታል ያደርሱታል። በአሜሪካ በ1986 በወጣ ሕግ፣ ለድንገተኛ ሕክምና የመጣን ሰው ገንዘብ የለህም ብሎ ሳይመረምሩ መመለስ አይቻልም። ስለዚህ ይተኛል፤ ምናልባትም እግሩ ይቆረጣል። ሒሳቡንስ ማን ይከፍላል? እሱ የለውም፤ ብዙውን ሆስፒታሉ ይሸከመዋል። የቴነሲንና በዚያው ዓመት እንዲሁ የቀነሰችውን የሚዙሪን ጉዳይ ያጠኑ የኢኮኖሚ ምሁራን፣ ዋስትና የሌለው አንድ ሰው ሆስፒታሎችን በዓመት 900 ዶላር ገደማ እንደሚያስወጣ አግኝተዋል።

ሆስፒታል እንደ ሱቅ አይደለም፤ ገበያ ቀዘቀዘ ብሎ በጊዜ በሩን አይዘጋም። ነርሷ ሌሊት ትቆማለች፣ መብራቱ ይበራል። ጉድለቱ ሲበዛ ግን አንዱን ክፍል ይዘጋል፤ በትንንሽ ከተሞች ብዙ ጊዜ የሚዘጋው የወሊድ ክፍል ነው። ያን ጊዜ ምጥ የያዛት ሴት ባለ ገንዘብም ብትሆን ሩቅ መንገድ ትሄዳለች። የአባታችን ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው።

እዚህ እስራኤል ከ1995 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ ማንኛውም ነዋሪ ከአራቱ ኩፓት ሆሊም በአንዱ የመመዝገብ መብት አለው። ታማሚ ነህ፣ ሽማግሌ ነህ ተብሎ አይመለስም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ከ1998 ወዲህ ለልዩ ሐኪም ጭምር የሚከፈል ገንዘብ አለ፤ ለመድኃኒትም እንከፍላለን። ገንዘቡ ትንሽ ይመስላል፤ ልጆች ለሚያሳድግ አዲስ ገቢ ቤተሰብ ግን ትንሽ አይደለም። መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ዋጋውን ሰምቶ ባዶ እጁን ከፋርማሲ ከወጣ፣ ያ የቴነሲው ሰው የጀመረውን መንገድ ጀመረ ማለት ነው።

ስለዚህ አትፈሩ፣ ጠይቁ። የገቢ ማሟያ ድጎማ፣ ማለትም አቭታሃት አክናሳ የሚያገኝ ሰው ለልዩ ሐኪም አይከፍልም። የቆየ በሽታ ያለበት ደግሞ ለመድኃኒት ከሚከፍለው ላይ ጣሪያ አለው። ዕብራይስጡ ቢያስቸግራችሁ ልጃችሁን ወይም አስተርጓሚ ይዛችሁ ሂዱ።

ሚዩን፣ ማለትም ድንገተኛ ክፍል ስትሄዱም፣ ነፍስ የሚያሰጋ ካልሆነ፣ አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን ሃፍናያ ጻፍልኝ በሉት። ያለዚያ ወረቀት ሄዶ ሳይተኛ የተመለሰ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ሒሳቡ በፖስታ ቤቱ ይመጣለታል።