ጥቅሉን የበላው ልጁ አይደለም
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነበበ ንግግር)



ዛሬ የምናነብላችሁ ስለ ማኅበራችን ኮምፒዩተር ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በእሱ ምክንያት የአንድ ልጅ ስም ጠፍቷል። በሰው ፊት ያጠፋነውን ደግሞ በሰው ፊት ማቃናት ይገባናል።

እንደሚታወቀው ይህ ላፕቶፕ የእድሩ መዝገብ፣ የመዋጮው ሂሳብና የልጆቻችሁ ማመልከቻ የሚጻፍበት ነው። ኢንተርኔት የሚያገኘው ከማኅበሩ ሞባይል በሆትስፖት ሲሆን፣ ጥቅሉም የሚገዛው እናንተ በየወሩ ከምታዋጡት ገንዘብ ነው። ባለፈው ወር ለአሥራ አምስት ቀን ይበቃናል ብለን 5 ጊጋባይት ገዛን። ረቡዕ ጠዋት ሙሉ የነበረው ጥቅል ቀትር ሳይሆን አለቀ። በዚያው ቀን አንዲት እናት የልጃቸውን የሥራ ማመልከቻ ሊያስልኩ መጡ። የመጨረሻው ቀን ነበር። ኢንተርኔት የለም ስንላቸው ፒያሳ ድረስ ሄደው፣ ከፍለው፣ ሊዘጋ ትንሽ ሲቀረው ነው ያስላኩት።

ያን ዕለት ጠዋት ኮምፒዩተሩ ላይ የተቀመጠው አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበር። «ፊልም አውርዶበት ነው እንጂ ሌላ ምን ይበላዋል?» ተባለ። ጠርተን ጠየቅነው። «እኔ የእድሩን ስም ዝርዝር ስገለብጥ ነው የቆየሁት» አለ። አላመንነውም። የቢሮውን ቁልፍ ተቀበልነው። እቤቱ ሄዶም ምን እንደጠበቀው ወላጆቹ ያውቃሉ።

ከሦስት ቀን በኋላ ዩኒቨርሲቲ የምትማር የአንድ አባላችን ልጅ ኮምፒዩተሩን ከፍታ አሳየችን። «ዊንዶውስ አፕዴት» በሚለው ውስጥ «አፕዴት ሂስትሪ» የሚባል መዝገብ አለ። ያቺ ረቡዕ እዚያ ተጽፋለች። «ዳታ ዩሴጅ» የሚለውንም ስንመለከት ጥቅሉን የበላው ፊልም አይደለም፤ «ሲስተም» ይላል። ሲስተም ማለት ኮምፒዩተሩ ራሱ ነው። አፈርን።

ታዲያ ኮምፒዩተር ማንም ሳያዘው ለምን ያወርዳል? ዊንዶውስን የሚሠራው ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በፈረንጆች ወር በሁለተኛው ማክሰኞ ላይ ጥገና ያወጣል። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ መሆኑ ነው። እንግዲህ በማግስቱ ረቡዕ ጠዋት ስንከፍተው ማውረድ ጀመረ። ሆትስፖቱን ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደማያልቅ የቤት መስመር ይቆጥረዋል። እኛ በጊጋባይት እየገዛን እንደምንጠቀም በምን ያውቃል? ካልነገርነው አያውቅም።

ይህን ጊዜ ከኮሚቴው ውስጥ «እንግዲያው አፕዴት የሚባለው ነገር ለዘለዓለም ይዘጋ!» ያሉ ነበሩ። እኛም መጀመሪያ ደስ ብሎን ነበር። ነገር ግን ይህ ሌባ ፈርቶ ጣሪያ አለመጠገን ነው። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. «ዋናክራይ» የተባለ ቫይረስ በዓለም ላይ ተነሥቶ ወደ 150 በሚጠጉ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን አጠቃ። ፋይሉን ሁሉ ይቆልፍና «300 ዶላር ክፈል» ይል ነበር። እንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ሕመምተኛ እስከ መመለስ ደርሰዋል። የሚያሳዝነው ግን የዚህ ቀዳዳ መድፈኛ መጋቢት 5 ቀን፣ ማለትም ከሁለት ወር ገደማ በፊት፣ ወጥቶ ነበር። የተጎዱት በጊዜው ያልጫኑት ናቸው። የእድራችን መዝገብ ቢቆለፍ የማን አባት መቼ ከፈለ፣ ለማን ምን ተሰጠ የሚለውን ማን ያውቀዋል?

በመሆኑም አፕዴቱ ይምጣ፤ ሰዓቱን ግን እኛ እንወስን። የሚደረገው እንዲህ ነው። የማኅበሩ ኮምፒዩተር ዊንዶውስ 11 ነው፤ እቤት ያላችሁም ልትሞክሩት ትችላላችሁ።

አንደኛ፣ «ሴቲንግስ» ገብቶ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ ከዚያ «ዋይፋይ»፣ ቀጥሎም የተገናኛችሁበትን መስመር መንካት። እዚያ ውስጥ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ማብራት። በቆጣሪ የሚሄድ መስመር ማለት ነው። ይህ ሲበራ ኮምፒዩተሩ አብዛኛውን አፕዴት ሳያወርድ ይጠብቃል።

ሁለተኛ፣ «ዊንዶውስ አፕዴት» ውስጥ «ፖዝ» የሚል አለ። ከአንድ ሳምንት እስከ አምስት ሳምንት ያቆያል። ከዚያ በላይ አይቆይም፤ ጊዜው ሲያልቅ መጀመሪያ አውርዱ ይላችኋል። ስለዚህ ቀጠሮ ማራዘሚያ ነው እንጂ መገላገያ አይደለም።

ሦስተኛ፣ «አክቲቭ አወርስ» የሚባለውን ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። እሱ በሥራ ሰዓት ኮምፒዩተሩ በራሱ ጠፍቶ እንዳይነሣ ይከለክላል እንጂ ማውረዱን አይከለክልም። እኛም በእሱ ብቻ ተማምነን በሆነ ነበር።

አራተኛ፣ እቤቱ ሁለት ኮምፒዩተር ያለው ሰው «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ «ደሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» የሚለውን ከፍቶ በአንድ መስመር ላይ ያሉት እንዲካፈሉ ቢፈቅድ፣ አንዱ ያወረደውን ሌላው ከእሱ ሊወስድ ይችላል። ሁለት ጊዜ መክፈል ይቀራል።

አምስተኛ፣ ስልካችሁም ያው ነው። «ፕሌይ ስቶር» ሴቲንግ ውስጥ አፖች በዋይፋይ ብቻ ወይም በእጅ ሲታዘዙ ብቻ እንዲታደሱ ማድረግ ይቻላል።

ታዲያ መቼ ይውረድ? በ*999# የሚገዛ የሌሊት ጥቅል አለ፤ ዋጋው ከቀኑ ይቀንሳል። ከመግዛታችን በፊት ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ እናነባለን፤ ሰዓቱ ካለፈ ዋጋ የለውምና። ኮሚቴው የወሰነው እንግዲህ፣ ጥገናው ከወጣ በኋላ ባለው ቅዳሜ ሌሊት ጸሐፊው ላፕቶፑን እቤት ወስዶ፣ ቆጣሪውን አጥፍቶ፣ አውርዶ፣ ጠዋት መልሶ እንዲያበራው ነው። ባትሪው መሙላት አለበት። አፕዴት በመጫን ላይ ሳለ መብራት ሄዶ ኮምፒዩተር ቢጠፋ ዊንዶውሱ ሊበላሽ ይችላል፤ የሐዋሳ ሰው መብራት ሲሄድ አዲስ አይሆንበትም። ከዚያ በፊትም የእድሩ መዝገብ በፍላሽ ይገለበጣል።

ዊንዶውስ 10 ያላችሁ ደግሞ መደበኛው ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማብቃቱን እወቁት። ኮምፒዩተራችሁ 11ን ይችል እንደሆነ አሳዩና አንድ ነገር አድርጉ።

አሁን ወደ ልጁ እንመለስ። ያን ዕለት ማንም መዝገቡን አላየም። መዝገቡ እዚያው ኮምፒዩተሩ ውስጥ ነበር፤ ለማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኛ ግን መጀመሪያ ያየነው የልጁን ፊት ነው። ልጅ ስለሆነ፣ መልስም ስለማይሰጥ፣ ቀለለን። እኅት ወንድሞች፣ ጥቅሉ ገንዘብ ነው፤ እንደገና ይገዛል። ስም ግን በ*999# አይገዛም።

ስለዚህ በማኅበሩ ስም፣ በጸሐፊውም ስም፣ ልጁንና ወላጆቹን ይቅርታ እንጠይቃለን። ትናንት እቤታቸው ሄደን ቁልፉን መልሰንለታል። አባቱ «ለእኔ ሳይሆን ለሰፈሩ ንገሩ» ብለውናል፤ ይኸው ተናገርን። ፒያሳ የተመላለሱት እናትም የከፈሉት ሂሳብ ከማኅበሩ ይመለስላቸዋል።

ከእንግዲህ ጥቅል ሲያልቅ ሰው ከመጠርጠራችን በፊት መዝገቡን እንከፍታለን። ይህም በቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሯል።



የማኅበሩ ጸሐፊ
ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ