አድማሱ ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል?

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከሚሠሩ እህቶቻችን በየረመዳኑ የሚደርሰን አንድ ጥያቄ አለ። «የምንኖርበት ፎቅ በጣም ከፍ ያለ ነው። ታች መስጊዱ አዛን ሲያደርግ ጸሐይዋ በመስኮት ትታየናለች። እናፍጥር ወይስ እንቆይ?» የሚል ነው። ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ጸሐይ ሳትጠልቅ ያፈጠረ ሰው፣ በስህተትም ቢሆን፣ ቀዷ እንዳለበት አብዛኞቹ ዑለማዎች ይናገራሉ።

እስቲ መጀመሪያ ዓይናችን የት ድረስ እንደሚያይ እንመልከት። ጅዳ የባሕር ዳርቻ ላይ ቆመን ወደ ምዕራብ ስናይ ቀይ ባሕር ማለቂያ የሌለው ይመስለናል። ዓይኑ ከውሃው 1.7 ሜትር ከፍ ያለ ሰው ግን የሚያየው 4.7 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ውሃ የምድር ክብነት ይጋርደዋል። መርከብ ሲርቅ አካሉ ቀድሞ፣ ምሰሶው በኋላ የሚሰወረውም ለዚህ ነው። ስሌቱን ልጆቻችሁ ሊሠሩላችሁ ይችላሉ፦ የከፍታውን ሜትር ስኩዌር ሩት አውጥቶ በ3.57 ማባዛት ነው። 100 ሜትር ላይ ያለ ሰው 36 ኪሎ ሜትር ገደማ ያያል። አየሩ ብርሃንን ስለሚያጎብጥ በተግባር ጥቂት ይጨምራል።

ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ፣ ዛሬ ፓኪስታን በሚባለው አገር፣ በናንዳና ምሽግ አጠገብ ካለ ተራራ ላይ ሆኖ አድማሱ ምን ያህል ዝቅ ብሎ እንደሚታይ ለካ። ከዚያች ጥቂት አንግልና ከተራራው ቁመት ተነስቶ የምድርን ራዲየስ አሰላ። ይህን ለልጆቻችን ብንነግራቸው ሒሳብ ባልጠሉ ነበር።

እንግዲህ ከፍ ላለ ሰው አድማሱ ዝቅ ካለ፣ ጸሐይም ዘግይታ ትጠልቅበታለች። የዱባዩ ቡርጅ ኸሊፋ 828 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ረመዳን የዱባይ ሙፍቲ ዶክተር አሕመድ አል-ሐዳድ ከ80ኛ እስከ 150ኛ ፎቅ ያሉት 2 ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ ያሉት 3 ደቂቃ ቆይተው እንዲያፈጥሩ ተናግረዋል። ስለዚህ እህቶቻችን ጸሐይዋ በዓይናቸው እየታየች አያፍጥሩ። 10ኛ ፎቅ ላይ ያለች ግን ልዩነቱ አንድ ደቂቃ ስለማይሞላ ወስዋስ ውስጥ አትግባ። በአውሮፕላን የሚጓዝም 10,000 ሜትር ላይ 357 ኪሎ ሜትር ያህል ያያል፤ ከበታቹ ያለው ከተማ ቢያፈጥርም እርሱ ያለበት ቦታ ገና ቀን ነው።

የአዲስ አበባ ሰው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ጸሐይ ከወጨጫ ተራራ ጀርባ ስትገባ ተሰወረች እንጂ ጠለቀች አይባልም። በምሥራቅ በኩል ጨለማው ብቅ ማለቱን ማየት፣ ወይም በሰዓት መቁጠሪያው መሄድ ይሻላል።

ሱሑርንም አንርሳ። ከፍ ያለ ፎቅ ላይ ፈጅር ቀድሞ ስለሚታይ፣ እዚያ ያሉ እህቶቻችን ማታ የቆዩትን ያህል ደቂቃ ንጋት ላይ ቀድመው ምግብ ያቁሙ።